ማግለያ ትራንስፎርመር ገብቶም ድምፁ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

በጎንደር ለጥምቀት በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ወይም ለሠርግ በአዳራሽ ውስጥ ሞንታርቦ ሲተከል፣ ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ ተራርቀው ከተለያየ ሶኬት ኤሌክትሪክ ስለሚወስዱ በግራውንዳቸው (ከመሬት ጋር በሚያያዘው መስመር) መካከል ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠርና የ50 ሄርዝ ጉርምርምታ በድምፁ ላይ ይደረባል። ማግለያ ትራንስፎርመር (ድምፁን ባልተነካኩ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች መካከል በመግነጢስ የሚያሻግር፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ያለ ዕቃ) በሁለቱ መካከል የሚገባው ይህን የግራውንድ ግንኙነት ለመቁረጥ ነው፤ መቁረጡ ግን በልኬት መረጋገጥ አለበት።

ጉርምርምታው አልጠፋም

በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የገመዱ ሺልድ (የድምፅ ሽቦውን የሚሸፍነው ብረት) ነው። የመግቢያውና የመውጫው ሺልድ በሳጥኑ ብረት በኩል ከተገናኙ፣ ጥቅሎቹ ቢለያዩም ግራውንዱ እንደተያያዘ ይቀራል። ገመዶቹን ከሚክሰሩና ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ በሁለቱ ሺልዶች መካከል ያለውን ኦም በመልቲሜትር መለካት ይበቃል፤ ንባቡ ወደ ዜሮ ከቀረበ፣ የመግቢያው ሺልድ ከሚክሰሩ፣ የመውጫው ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ብቻ እንዲገናኝ በሳጥኑ ውስጥ መለየት ያስፈልጋል። ሺልዶቹ ተለያይተው እያለ ጉርምርምታው ሳጥኑ በዞረ ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ጥቅሉ የአምፕሊፋየሩን የኃይል ትራንስፎርመር መግነጢስ እየተቀበለ ስለሆነ ከአጠገቡ ይራቅ። የሶኬቱን የግራውንድ ሽቦ መቁረጥም ጉርምርምታውን ሊያጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ማይክሮፎን የያዘውን ሰው ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም።

በላፕቶፕ ሲለካ ጥሩ የሆነው በቦታው ሲገጠም አይሠራም

ድምፁን የሚልከውና የሚቀበለው አንድ ሳውንድ ካርድ ከሆነ ሁለቱ ግራውንዶች በካርዱ ውስጥ ስለሚገናኙ፣ የተለመደው ልኬት የማግለል አቅሙን አያሳይም። ትክክለኛው መንገድ የፕራይመሪውን (የመግቢያውን ጥቅል) ሁለት ጫፎች አንድ ላይ አስሮ፣ በእነሱና በሰከንደሪው (በመውጫው ጥቅል) ግራውንድ መካከል 1 ቮልት ልኮ በሰከንደሪው ላይ የሚወጣውን መለካት ነው፤ የሚወጣው ባነሰ መጠን ማግለሉ የተሻለ ነው። በ50 ሄርዝ ጥሩ ሆኖ በ10 ኪሎ ሄርዝ ብዙ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ምልክቱ በጥቅሎቹ መካከል ባለው ካፓሲታንስ (ሳይነካኩ ምልክት የማሳለፍ ባሕርይ) በኩል እየሾለከ ነው፤ በጥቅሎቹ መካከል ሺልድ ያለው ትራንስፎርመር ይህን በእጅጉ ይቀንሳል።

ከበሮ ሲመታ ድምፁ ይሰነጠቃል

የብረቱ እምብርት መግነጢስ ጠግቧል ማለት ነው። ጥጋቡ በ20 ሄርዝ የሚመጣው በ40 ሄርዝ ከሚችለው ቮልቴጅ በግማሹ ስለሆነ፣ በ1 ኪሎ ሄርዝ ብቻ የለካ ሰው ችግሩን ፈጽሞ አያየውም። ከትራንስፎርመሩ በፊት ያለውን ድምፅ ቀንሶ ከኋላው መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል፤ ካልሆነ ትልቅ እምብርት ያለው ይገዛ።

ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ይወጋል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በሰከንደሪው ላይ ያለው ጭነት መቅለሉ (ኦሙ ከሚገባው በላይ መሆኑ) ነው፤ አምራቹ የሚያዘው 10 ኪሎ ኦም ከሆነ ያንኑ የሚያሟላ ሬዚስተር በሰከንደሪው ላይ አስሮ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ለዚህ ልኬት ርካሽ መልቲሜትር አይታመንም፤ ብዙዎቹ ከጥቂት መቶ ሄርዝ በላይ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣሉ።