የገንዘብ ፈጠራንና የመንግሥት ዕዳን በወረቀትና በእርሳስ እንዴት እንከታተል

አንድ ሉክ ወረቀት አራት ቦታ ክፈሉ። ለአራቱም ርዕስ ስጡ፦ ማዕከላዊ ባንክ፣ ንግድ ባንኮች፣ ግምጃ ቤት፣ ሕዝብ። ሕዝብ ስንል ቤተሰብም ድርጅትም ማለታችን ነው። እያንዳንዱን ክፍል መሃሉ ላይ አስምሩና በግራ ሀብት፣ በቀኝ ዕዳ ጻፉ። ሥራው የሚመራበት ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ ማንኛውም ለውጥ በአንድ መስመር ብቻ አይመዘገብም። የመዘገባችሁት ካልገጠመ የዘለላችሁት ወገን አለ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ዓይነት ገንዘብ ለዩ። አንደኛው ሕዝብ በንግድ ባንክ ያለው ተቀማጭ ሲሆን እሱ የባንኩ ዕዳ ነው። ሁለተኛው ባንኮች ራሳቸው በማዕከላዊ ባንክ ያላቸው መጠባበቂያ ነው፤ እሱ ደግሞ የማዕከላዊ ባንኩ ዕዳ ነው። ሕዝብ መጠባበቂያ አይዝም፤ ከማዕከላዊ ባንክ ገንዘብ እጁ የሚገባው የወረቀት ኖት ብቻ ነው። ኖት ማተም ብዙ ጊዜ ከገንዘብ ፈጠራ ጋር ይምታታል። ደንበኛ 10 ከሒሳቡ ሲያወጣ ተቀማጩ በ10 ይቀንሳል፣ የባንኩ መጠባበቂያ በ10 ይቀንሳል፣ በዝውውር ላይ ያለው ኖት በ10 ይጨምራል። መልኩ ተለወጠ እንጂ የሕዝቡ ገንዘብ አልጨመረም።

የባንክ ብድር

ባንክ ለአንድ ነጋዴ 100 አበደረ እንበል። በባንኩ ሀብት በኩል «ብድር 100»፣ በዕዳው በኩል «የነጋዴው ተቀማጭ 100» ጻፉ። ከማንም ሒሳብ የተቀነሰ ነገር የለም፤ 100 አዲስ ገንዘብ ተወለደ። ነጋዴው ዋናውን ሲመልስ ሁለቱም መስመሮች ይሰረዛሉ፣ ገንዘቡም ይጠፋል። በዛሬው ዓለም ሕዝብ የሚገለገልበት ገንዘብ በአብዛኛው የሚወለደው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ባንኩን ምን ይገታዋል? ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት «ከተቀማጩ ይህን ያህል በመቶ ይዞ የቀረውን ያበድራል» ይላሉ። ይህ ማብራሪያ ብቻውን አያስኬድም፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የግዴታ መጠባበቂያውን ዜሮ አድርጋለች፣ የባንክ ብድር ግን ልጓም አላጣም። ዋናዎቹ ልጓሞች ሦስት ናቸው። ብድሩ ካልተመለሰ ኪሳራው የባለአክሲዮኖችን ካፒታል ይበላል። ነጋዴው በቼክ ወይም በማስተላለፍ ለሌላ ባንክ ደንበኛ ሲከፍል አበዳሪው ባንክ መጠባበቂያ ማስረከብ አለበት። ያንን መጠባበቂያ ለማግኘት የሚከፍለውን ወለድ ደግሞ ማዕከላዊ ባንኩ ይተምነዋል።

መንግሥት ሲያወጣና ሲሰበስብ

ግምጃ ቤት ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ ያለው በማዕከላዊ ባንክ ነው። ለመምህራን ደመወዝ 50 ሲከፍል የግምጃ ቤቱ ሒሳብ በ50 ይቀንሳል፣ የንግድ ባንኩ መጠባበቂያ በ50 ይጨምራል፣ የመምህራኑ ተቀማጭም በ50 ይጨምራል። ግብር ይህንኑ ወደ ኋላ ያስኬደዋል፤ ተቀማጩም መጠባበቂያውም ይቀንሳል።

ጉድለቱን ማን ገዛው?

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መንግሥት የ50 ጉድለት ገጠመውና ቦንድ ሸጦ ገንዘቡን ወዲያው አወጣው እንበል። ገዢው ማን እንደሆነ ሳትጠይቁ «ገንዘብ ታተመ» ወይም «አልታተመም» አትበሉ። ገዢው ሕዝብ፣ ንግድ ባንክ ወይም ማዕከላዊ ባንክ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱንም በየራሳቸው ወረቀት ሥሩ።

ሕዝብ ከገዛ፣ የገዢው ተቀማጭ በ50 ቀነሰ፤ መንግሥት ሲያወጣው የሌላ ሰው ተቀማጭ በ50 ጨመረ። ጠቅላላው ተቀማጭ ባለበት ነው። ሕዝቡ በተጨማሪ የ50 ቦንድ ይዟል።

ንግድ ባንክ ለራሱ ከገዛ፣ የከፈለው ከመጠባበቂያው ነው፤ የማንም ተቀማጭ አልተነካም። መንግሥት ሲያወጣው መጠባበቂያው ወደ ባንኮች ይመለሳል፣ የሕዝብ ተቀማጭ ግን በ50 ከፍ ይላል። ውጤቱ ባንኩ ለነጋዴ ሲያበድር ከሚሆነው ጋር አንድ ነው።

ማዕከላዊ ባንኩ በቀጥታ ከገዛ ወይም ለመንግሥት በቀጥታ ካበደረ፣ ተቀማጩም መጠባበቂያውም በ50 ይጨምራሉ። ባንኮች ትርፍ መጠባበቂያ ስለሚታቀፉ፣ ማዕከላዊ ባንኩ ለመጠባበቂያ ወለድ ካልከፈለ ወይም ትርፉን መልሶ ካልሰበሰበ የእርስ በርስ ብድራቸው ወለድ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የአውሮፓ ኅብረት አሠራር ስምምነት በአንቀጽ 123 ይህን ዓይነት ብድር የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመን፣ በ2008 ዚምባብዌ የወደቁት በዚህ ጎዳና ነው፤ ዚምባብዌ በጥር 2009 የ100 ትሪሊዮን ኖት አውጥታ በዚያው ዓመት በራሷ ገንዘብ መገበያየት አቆመች። በሁለቱም አገሮች ግን ከገንዘቡ ብዛት ጎን ለጎን ምርትም ተጎድቶ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። የሚገዛ ዕቃ ሳይኖር ገንዘብ ሲፈስ ዋጋ ከሁለት ወገን ይገፋል።

ጨረታው

መንግሥት በጨረታ ሲበደር በቁጥር ተከተሉ። የ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድ ሲከፈል 100 ነው፤ በ92 ከተሸጠ ገዢው በ92 ላይ 8 ያተርፋል፣ ይህም በዓመት 8.7 በመቶ ገደማ ነው። 8 በመቶ ብላችሁ አትጻፉ፤ ገዢው ያወጣው 92 እንጂ 100 አይደለም።

መንግሥት 500 ሰነድ ለመሸጥ አቀረበ። አንዱ 200 በ93፣ ሌላው 200 በ92፣ ሦስተኛው 300 በ90 ጠየቀ። ከላይ ወደ ታች ሲወሰድ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ይስተናገዳሉ፣ ሦስተኛው 100 ብቻ ያገኛል። በአንድ ዋጋ ሥርዓት ሁሉም በ90 ይገዛሉ፤ በየዋጋው ሥርዓት ሁሉም ባቀረበው ይከፍላል። የቀረበው ጠቅላላ ጥያቄ ለሽያጭ ከቀረበው ስንት እጥፍ እንደሆነ ሁልጊዜ አስሉ፤ እዚህ 700 ለ500፣ ማለትም 1.4 ነው። ይህ ቁጥር ከጨረታ ጨረታ እየወረደ ወደ 1 ከቀረበ መንግሥት ወይ ወለድ ይጨምራል፣ ወይ ባንኮችንና የጡረታ ፈንዶችን በመመሪያ አስገድዶ ያስገዛል፣ ወይ ወደ ማዕከላዊ ባንክ ይዞራል። ጨረታው በግዴታ ከሞላ የወለድ ተመኑ ስለ ገበያው ፍላጎት ምንም አይነግራችሁም።

ማዕከላዊ ባንክ ከገበያ ሲገዛ

ማዕከላዊ ባንክ ቀድሞ የተሸጠ ቦንድ ከጡረታ ፈንድ በ50 ሲገዛ የፈንዱ ተቀማጭና የባንኩ መጠባበቂያ በ50 ይጨምራሉ። ከንግድ ባንክ ከገዛ መጠባበቂያ ብቻ ይጨምራል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2001፣ አሜሪካ ከ2008፣ እንግሊዝ ከ2009 ጀምሮ በስፋት ሠርተውበታል።

ዕዳው ግን አልተሰረዘም። ለ20 ዓመት በቋሚ ወለድ የተያዘው ቦንድ፣ ወለዱ በየጊዜው ሊለወጥ በሚችል መጠባበቂያ ተተካ። ማዕከላዊ ባንኩ ለመጠባበቂያ ወለድ የሚከፍል ከሆነ ተመኑ ሲጨምር ወጪው ያንኑ ቀን ይጨምራል። የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 የገጠመው ይህ ነው፤ ከቦንዶቹ የሚያገኘው ለመጠባበቂያ ከሚከፍለው አነሰና ለግምጃ ቤቱ ያስተላልፈው የነበረው ትርፍ በአብዛኛው ቆመ።

ዕዳው እየከበደ ነው ወይስ እየቀለለ?

የዕዳው መጠን ብቻውን ብዙም አይናገርም። አራት ቁጥር ያዙ፦ ዕዳው ከአገር ውስጥ ምርት ያለው ድርሻ፣ አማካይ የወለድ ተመን፣ የዋጋ ንረትን ጨምሮ የምርት ዕድገት፣ ወለድን ሳይጨምር ያለው የበጀት ጉድለት። ዕዳውን በ1 ሲደመር ወለዱ አባዙ፣ በ1 ሲደመር ዕድገቱ አካፍሉ፣ ጉድለቱን ጨምሩበት።

ዕዳው 60 በመቶ፣ ወለዱ 9፣ ዕድገቱ 12፣ ጉድለቱ 2 ቢሆን፣ 60 በ1.09 ተባዝቶ ለ1.12 ሲካፈል 58.4 ይሆናል፤ 2 ሲደመር 60.4። ዕዳው ባለበት ቆመ ማለት ይቻላል። ወለዱንና ዕድገቱን አለዋውጡና እንደገና ሥሩት፤ 63.7 ይመጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 በሕዝብ እጅ የነበረው ዕዳዋ ከምርቷ 106 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ1974 ወደ 23 በመቶ ወርዷል። ዕዳውን ከፍላ አልጨረሰችውም፤ ወለዱ ለረጅም ጊዜ ከዕድገቱ በታች ሆኖ ምርቱ ዕዳውን ቀደመው።

አሁን ከ60ው ግማሹ በውጭ ምንዛሪ ነው እንበል። የውጭ ገንዘቡ ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር 30ው 45 ይሆናል፣ ጠቅላላው 75። መንግሥት አንዲት ሳንቲም ሳይበደር ዕዳው በሩብ አደገ። የራሱ ማዕከላዊ ባንክ ዶላር መፍጠር አይችልምና ይህ ዕዳ የሚከፈለው ከኤክስፖርት፣ ከሐዋላ ወይም ከሌላ ብድር ነው። ጃፓን ከምርቷ 200 በመቶ በላይ ዕዳ ተሸክማ ስትዘልቅ ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2012 የግል አበዳሪዎቿን ከቦንዱ የፊት ዋጋ 53.5 በመቶ ያስቀነሰችበት አንድ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። የጃፓን ዕዳ በየን ነው፤ ግሪክ ግን የዩሮ ማዕከላዊ ባንክን ብቻዋን አታዝዝም።

ሰነዶቹን ስታነቡ

የማዕከላዊ ባንኩን ወርሃዊ የሒሳብ መግለጫ ከ12 ወር በፊት ከነበረው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሀብት በኩል በመንግሥት ላይ ያለውን ብድርና ቦንድ ደምሩ፣ በዕዳ በኩል ያለውን የመንግሥት ተቀማጭ ቀንሱ። ይህን ለሁለቱም መግለጫዎች ሥሩ፤ በሁለቱ ውጤቶች መካከል ያለው ልዩነት መንግሥት በዓመቱ ከማዕከላዊ ባንክ በተጣራ ያገኘው ገንዘብ ነው። ተቀማጩን ሳትቀንሱ ብትደመድሙ ዓመቱን ሙሉ ገንዘቡን ሳይነካ ያስቀመጠ መንግሥትን ታሳጣላችሁ።

ከዚያ የዓመቱን ጉድለት በዚያው ዓመት ከሚደርሰው ዋና ብድር ጋር ደምሩ። ጉድለቱ 3 ሆኖ የሚደርሰው 15 ከሆነ መንግሥት 18 መፈለግ አለበት። አገር ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው በጉድለቱ ሳይሆን በዚህ 15 ነው፤ የአጭር ጊዜ ሰነድ የበዛበት ግምጃ ቤት አንድ መጥፎ ጨረታ ያነቀዋል። መጨረሻ ላይ መንግሥት ለልማት ድርጅቶች የሰጠውን የብድር ዋስትናና ለኮንትራክተሮች ያልከፈለውን ውዝፍ ፈልጉ። እነዚህ በአብዛኛው በዋናው የዕዳ ሠንጠረዥ ላይ ሳይሆን በግርጌ ማስታወሻ ወይም በድርጅቶቹ የኦዲት ሪፖርት ውስጥ ይገኛሉ፤ ዋስትናው በተጠራ ቀን ግን ሙሉው ወደ ግምጃ ቤቱ የቀኝ ዓምድ ይገባል።