የአይላይነር ክንፍ ለምን ይበላሻል? ከሚታየው ችግር ወደ ምክንያቱና ወደ መፍትሔው

በቤቷ አይላይነር ስትቀባ ክንፉ፣ ማለትም ከዓይን ውጫዊ ማዕዘን ወደ ቅንድብ ጫፍ የሚወጣው ሹል መስመር፣ የተበላሸባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትወቅሰው እጇን ነው። «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ለእኔ አልተፈጠረም» ብላ ብዕሩን መሳቢያ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ሰርግ ወይም ምርቃት ሲመጣ ደግሞ ቦሌ ወይም ፒያሳ ወዳለ የውበት ሳሎን ትሄዳለች። እኔ ራሴንም እህቶቼንም ለዓመታት ስኳል እንዳስተዋልኩት ግን የእጅ መንቀጥቀጥ ከምክንያቶቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ብዙው ጥፋት የሚፈጸመው ብዕሩ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ነው፤ ዓይኑ ተጨፍኖ ይሳላል፣ ቆዳው ይጎተታል፣ የዓይን ቆብ ላይ ቅባት ይቀራል፣ መስታወቱና ብርሃኑም በማይሆን ቦታ ይቀመጣሉ።

ከሁሉ በፊት ችግሩ መቼ እንደታየ ልብ ይበሉ። ዓይንዎን እንደገለጡ ወዲያውኑ የታየ ጉድለት የቅርጽ ጉድለት ስለሆነ መፍትሔው ያለው በአሳሳሉ ላይ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ሲወጡ ያማረ የነበረው መስመር ስድስት ሰዓት ላይ ተዝረክርኮ ከተገኘ ደግሞ የቅባት፣ የእንባ ወይም የዕቃው ጉዳይ ነውና አሳሳልዎን ቢቀይሩ ምንም አይረባም። ዓይንዎ ከቀላ ወይም ካሳከከ ግን ነገሩ ከውበት ወጥቶ ጤና ውስጥ ገብቷልና የመጨረሻውን ክፍል አስቀድመው ያንብቡ።

የግራና የቀኙ ክንፍ አይመሳሰልም

አንድ ጥር በዘመዴ ሰርግ ጠዋት የግራውን ክንፍ ጨርሼ ወደ ቀኙ ስሄድ ቀኙ በጥቂቱ ረዘመብኝ፤ ግራውን አስረዘምኩት፤ ከዚያ ደግሞ ቀኙ አጠረ። ይዞን የሚሄደው መኪና ደጅ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ ሁለቱም ክንፎች የቅንድቤን ጫፍ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። የሠራሁት ስሕተት ሁለት ነው፤ አንዱን ዓይን ሙሉ በሙሉ ጨርሼ ወደ ሌላው መሄዴና የበለጠውን በማሳነስ ፈንታ ያነሰውን በማሳደግ ለማመጣጠን መሞከሬ።

መፍትሔው ሁለቱን ዓይኖች ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ፊትዎን ከመስታወቱ ትይዩ አድርገው፣ ራስዎን ወደ ጎን ሳያዘነብሉና ሁለቱንም ዓይኖች ገልጠው ፊት ለፊት እየተመለከቱ፣ የታችኛው ሽፋሽፍት መስመር ወደ ላይ ቢቀጥል ወደ ቅንድብዎ ጫፍ የሚያመራበትን አቅጣጫ ይከተሉ። አቅጣጫው ካልታየዎት ያረጀና በደንብ የጸዳ የባንክ ካርድ ከአፍንጫዎ ጎን ጀምሮ በዓይንዎ ውጫዊ ማዕዘን በኩል ወደ ቅንድብዎ ጫፍ ቢያስደግፉ ጠርዙ መንገዱን ያሳይዎታል። ክንፉ ሊያልቅ በሚገባው ቦታ ላይ በሁለቱም በኩል አንዳንድ ነጥብ ብቻ ያሳርፉና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ያነጻጽሩ፤ ነጥብ ማጥፋት ክንፍ ከማጥፋት እጅግ ይቀላል። ነጥቦቹ ሲስማሙ ከየነጥቡ ወደ ዓይን ማዕዘን አጭር መስመር ይሳቡ፤ ቆቡ ላይ ያለውን መስመር የሚሠሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ተጠናቆም አንዱ ክንፍ ከበለጠ የሚነካው የበለጠው ነው። ለጆሮ ማጽጃ የሚሸጠውን ባለ ጥጥ እንጨት በሜካፕ ማስለቀቂያ ጥቂት አርጥበው ከክንፉ ሥር ወደ ጫፉ፣ ወደ ውጭና ወደ ላይ አንድ ጊዜ ይጥረጉ። ቫዝሊንም ያስለቅቃል፤ ነገር ግን የተረፈው ቅባት በደረቅ ሶፍት ካልተጠረገ በላዩ የሚቀባው አዲስ ቀለም አይይዝም።

ብርሃንም ክንፍ ያዛባል። ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው የኮንዶሚኒየም ክፍሎች አንድ መስኮት ብቻ ስላላቸው መስታወቱ የሚሰቀለው በጎን ግድግዳ ላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ የፊታችን ግማሽ ጥላ ውስጥ ይሆንና በጥላው በኩል ያለው መስመር ሳይታወቀን ይወፍራል። ትንሽ የእጅ መስታወት ይዞ ፊትን ወደ መስኮቱ ማዞር ይበቃል። መብራት በጠፋበት ምሽት በስልክ ባትሪ መሥራት ግድ ከሆነም ስልኩን ከፊት፣ በዓይን ከፍታ ላይ ያቁሙት፤ ከታች የሚመጣ ብርሃን የዓይንን ጥላ ገልብጦ ያሳሳታል። ይህን ሁሉ አድርገው ጥቂት ልዩነት ቢቀር ይተዉት፤ የማንም ሰው ሁለት ቅንድብ በአንድ ከፍታ ላይ አይገኝም፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ የሚያነጋግርዎ ሰውም ልዩነቱን አያየውም።

ዓይን ሲገለጥ ክንፉ ይሰበራል

ዓይን ተጨፍኖ ሲታይ እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ያለው መስመር፣ ዓይኑ ሲገለጥ መካከሉ ይጠፋና ጫፉ ብቻ ከእጥፋቱ ወዲያ ብቅ ይላል። ብዙ ሴቶች አይላይነር መቀባት የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ሲያውቁት ግን መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም።

የላይኛው የዓይን ቆብ ሲጨፈን ይዘረጋል፣ ሲገለጥ ይታጠፋል። የአንዳንድ ሰው እጥፋት ጎልቶ እስከ ውጫዊው የዓይን ማዕዘን ድረስ ይወርዳል፤ በተፈጥሮ እንዲህ ያልሆነውም ዕድሜ ሲገፋ ቆዳው ስለሚላላ ወደዚያው ያዘነብላል። በሃያ ዓመት የሚያምር የነበረ አሳሳል በአርባ አምስት ዓመት አልሆን ቢል ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ ባለቤቷ ሙያዋን ስለረሳች አይደለም። ዓይን ተጨፍኖ የተሳለ መስመር የተዘረጋውን ቆዳ ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ቆዳው ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። ቆዳውን በጣት ወደ ጆሮ እየሳቡ መሣልም ያንኑ ያመጣል፤ ጣቱ ሲለቀቅ መስመሩ ይኮማተራል።

ስለዚህ ክንፉ መሣል ያለበት ዓይን ተገልጦ፣ ፊትም ዘና ብሎ ሳለ ነው። ዘና ብሎ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው መስታወት ፊት ሲቀርብ ሳያውቀው ቅንድቡን ያነሣል፣ ቅንድቡ ሲነሣ እጥፋቱ ይሰወራል፣ ሥራው አልቆ ቅንድቡ ሲወርድም ክንፉ ይሰበራል። ቅንድብዎን አውርደው ፊት ለፊት እየተመለከቱ፣ እጥፋቱ እንደሌለ ቆጥረው በላዩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ነጥቡ ይሳቡ። አሁን ዓይንዎን በቀስታ ሲጨፍኑ እጥፋቱ በነበረበት ቦታ ላይ መስመሩ የተቋረጠበት ትንሽ ክፍተት ያያሉ። ያንን ክፍተት ይሙሉት። ዓይኑ ተጨፍኖ ሲታይ ቅርጹ እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ጥርስ ያወጣ ይመስላል፤ ይህ አያስጨንቅዎ፣ ዓይን ሲገለጥ ጥርሱ ተደብቆ ቀጥ ያለው ክንፍ ብቻ ይታያል። ቆቡ ላይ የሚሄደው መስመር ግን ከአፍንጫ በኩል እስከ መካከል ድረስ እጅግ ቀጭን ይሁን፤ እጥፋት ያለበት ቆብ ላይ ወፍራም መስመር የቀረውን ቦታ ይበላና ዓይንን ያሳንሳል።

መስመሩ ይንቀጠቀጣል

ክርን በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ስበት ለመጨረስ ሲሞከር የማንም እጅ ይንቀጠቀጣል። ቁጭ ይበሉና ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ ያስደግፉ፣ ትንሿን ጣትዎን ጉንጭዎ ላይ ያሳርፉ፣ መስታወቱንም ከዓይንዎ ዝቅ አድርገው ወደ ታች እየተመለከቱ የቆቡን መስመር በአጫጭር ጭረቶች እየቀጣጠሉ ይሥሩ። ጀማሪ ከሆኑ ከፈሳሹ አይላይነር ይልቅ በዓይን እርሳስ ይጀምሩ፤ እርሳስ ሲሳሳት ይታበሳል፣ ፈሳሹ ግን ቶሎ ይደርቃል። የእርሳሱ ቅርጽ ከተስማማዎት በላዩ ላይ ፈሳሹን ማሳለፍ ይችላሉ።

ከሰዓታት በኋላ ቀለሙ ቆቡ ላይ ያትማል ወይም ከዓይን ሥር ይወርዳል

ይህን ችግር የሚያባብሰው አኗኗራችን ነው። በጥርና በየካቲት የአዲስ አበባ አየር ደረቅና ጠዋቱ ብርዳም ስለሚሆን ፊት ይደርቃል፤ እኛም ቫዝሊኑን፣ ግሊሰሪኑንና ሎሽኑን እስከ ዓይን ቆብ ድረስ እንቀባለን። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ሴት ደግሞ ፀሐይ ሲሞቅ ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ በኩል ወደ ቅንድቧ ይወርዳል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት «ውሃ የማያስለቅቀው» የተባለውን አይላይነር በውድ መግዛት ነው፤ እሱም አያድናቸውም። እንዲህ ያለው ዕቃ የሚቋቋመው ውሃን ነውና የሐምሌ ዝናብን ተቋቁሞ በጥር ቅቤ ይሸነፋል። ማታ በዘይትና በቫዝሊን የምናስለቅቀው በዚሁ ጠባዩ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ቅባቱን ከማራቅ ነው። ቆብዎን ታጥበው ያድርቁ፤ ክሬም ከተቀቡ አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሡና የተረፈውን በሶፍት እየተጫኑ ያንሡ እንጂ አይፈትጉ። ቀጥሎ ቀጭን ፓውደር በቆቡና በዓይን ሥር ያልብሱ፤ የዓይን ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ ክሬም) ካለዎት ከፓውደሩ በፊት ይቀቡት። አይላይነሩን እንደጨረሱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ታች እየተመለከቱ ይቆዩ፤ እርጥብ መስመር ይዞ ቀና ማለት ማኅተም ቆቡ ላይ እንደመምታት ነው። በእርሳስ የሠሩ ከሆነ በላዩ ላይ ጥቁር አይሻዶው በቀጭን ብሩሽ ቢጫኑበት ሰሙ ይረጋል። ቅቤ የተቀቡ እንደሆነ ግን ፀጉርዎን እስኪታጠቡ ድረስ በግንባርዎ በኩል ሻሽ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፤ ያ ካልሆነ ክንፉን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ከዓይን ሥር የሚወርደው ጥቁረት አይላይነር ነው ተብሎ ማስካራ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። አንድ ቀን ያለ ማስካራ ይውሉ፤ ጥቁረቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ተለይቷል። የቡና ጭስ፣ ዕጣንና ሽንኩርትም ያስነባሉና ቤት ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ከወጣ በኋላ ይኳሉ። ለቅሶ ለመድረስ ግን ክንፍ መሥራትን አልመክርም፤ ምክንያቱ እንባው ብቻ አይደለም።

በመስመሩና በሽፋሽፍቱ መካከል ቆዳ ይታያል

መስመሩ ከሽፋሽፍቱ ሥር ርቆ ተሥሏል። ቆቡን በጣት ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገው የእርሳሱን ጫፍ ከላይ በኩል በሽፋሽፍቱ ሥሮች መካከል እየነካኩ ይሙሉት። በእርጥቡ የውስጥ ጠርዝ ላይ ማስገባቱን ግን አልደግፈውም፤ የዕንባችንን ቅባት የሚያመነጩት ዕጢዎች አፋቸው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከሽፋሽፍት ወዲህ፣ በውስጥ በኩል የተቀባ እርሳስ በውጭ ከተቀባው ይልቅ ቶሎና በብዛት ወደ ዕንባ እንደሚገባ አሳይተዋል። የዓይን ሌንስ የምታደርግ ሴት በተለይ ትጠንቀቅ።

ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል፣ ብዕሩም ይደርቃል

አወፍሮ መቀባት ያሰነጥቃል፤ ሁለት ጊዜ በስሱ መቀባት አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይሻላል። ባለ ስፖንጅ ጫፍ ብዕር ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። የደረቀውን በምራቅ ወይም በቧንቧ ውሃ ማራስ የተለመደ ነው፤ ጀርም በቀጥታ ወደ ዓይን መውሰድ ስለሆነ ይቅር።

ዓይን ያቃጥላል፣ ይቀላል ወይም ያሳክካል

«ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም። ምልክቱ እንደታየ ቀለሙን አጥበው ያስለቅቁና ያቁሙ፤ ሌላ ዓይነት እየቀያየሩ አይሞክሩ። በገበያ መለያ ሳይኖረው በብልቃጥ የሚሸጠው የዱቄት ኩል አንዳንዱ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ የጥንት ግብፃውያን ኩልም በብዛት የሚዘጋጀው ጋሌና ከተባለው የእርሳስ ማዕድን ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኩልን በመዋቢያ ማቅለሚያነት አልፈቀደም። ለሕፃን ዓይን ውበት ተብሎ መኳልም በዚሁ ምክንያት ሊቀር ይገባዋል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና።

መኳያም ሆነ ብዕር ከእኅት ጋር መዋዋስ ሌላው ምክንያት ነው። ትራኮማ ከዓይን በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅና በጨርቅ እንደሚተላለፍ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ዓይን የነካ እንጨትም ከዚህ የተለየ አይደለም። መቅላቱ በሁለት ቀን ካልተወ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ ወይም ዕይታ ከደበዘዘ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ዓይንዎ ታሞ በነበረበት ጊዜ የተጠቀሙበትን አይላይነር፣ ውድ ቢሆንም እንኳ፣ ይጣሉት። አዲሱን ሲከፍቱ ትንሽ ፕላስተር ለጥፈው የከፈቱበትን ቀን ይጻፉበት፤ ፈሳሽ አይላይነርና ማስካራ ከተከፈቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ አለባቸው፣ የወሩን ብዛትም ብዙ ጊዜ ዕቃው ላይ ክዳኑ በተከፈተ ቆርቆሮ ሥዕል ውስጥ ተጽፎ ያገኙታል።