በሐዋሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና እንዴት ይዘጋጃል

የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከሜዳው ዳር ባለው የነጥብ መመዝገቢያ ጠረጴዛ ላይና ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሳይጻፍ በቀረ ደንብ ምክንያት ነው። ሐዋሳ ውስጥ ተማሪዎችን ባሠለጠንሁበትና ውድድር ባስተባበርሁበት ጊዜ በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ የውጤት ሰሌዳው 41 ለ 40 ሲያሳይ መዝገቡ 40 ለ 40 ይል ነበር። ልጆቹ ላባቸው ሳይደርቅ ሁለቱ አሠልጣኞች ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ተከራከሩ፤ ተመልካቹ ሜዳውን ሞላው፤ ዋንጫውም በዚያ ቀን ሳይሰጥ ቀረ። ያቺን አንድ ነጥብ ማን እንዳስቆጠራት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቀጥሎ የማቀርበው መመሪያ እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም የሚረዳ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ አራት ወይም አምስት ገጽ የሚሆን የውድድር ደንብ መጻፍና የተሳታፊ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን ፈርመው እንዲቀበሉት ማድረግ ነው። ኳስ መግዛቱና ዋንጫ ማሠራቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መሠረቱ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ የፊባ፣ ሕግ ይሁን፤ የምትለውጡት ነገር ካለ ግን ለውጡ በግልጽ ይጻፍ። ለምሳሌ የ24 ሰከንድ ሰዓት፣ ማለትም ኳስ የያዘው ቡድን ወደ ቅርጫት መወርወር ያለበትን ጊዜ የሚቆጥረው ሰዓት፣ ከሌላችሁ የማጥቂያው ጊዜ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ወይም ጨዋታው እንደ ሕጉ አራት ጊዜ 10 ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ አራት ጊዜ 8 ደቂቃ የሚሆን ከሆነ ይኸው በደንቡ ውስጥ መስፈር አለበት። በአንድ ጨዋታ የሚመዘገቡት ተጫዋቾች ከ12 አይበልጡም፤ ሁሉም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በዚያው ትምህርት ቤት ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ በመደበኛነት የሚማሩ ሊሆኑ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ጠብ የሚያስነሣው የዕድሜ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንዳንዱ ልጅ የልደት ቀን በኢትዮጵያ፣ የሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ ይመጣል፤ መዝጋቢውም በጥድፊያ ለሁሉም 8 ዓመት ይደምራል። ነገር ግን ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ልጅ ልዩነቱ 7 ዓመት ብቻ ነው። በኅዳር 2001 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው በ2008 ነው፤ 8 የደመረ ሰው 2009 ብሎ ይጽፈዋልና ልጁ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ያንሳል። ከ18 ዓመት በታች በሚል ውድድር ውስጥ ይህች አንድ ዓመት ቡድን ታስወጣለች ወይም ታስገባለች። ስለዚህ ሁሉም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ እንዲመዘገብ፣ የልደት ማስረጃውም ከተማሪው መታወቂያ ጋር እንዲመሳከር አድርጉ። ማመሳከሩም ቡድኖቹ ሁሉ ባሉበት፣ ከዕጣው በፊት ይጠናቀቅ። በዚያ ቀን ያልተነሣ የዕድሜ ቅሬታ በግማሽ ፍጻሜ ዋዜማ እንዲነሣ መፍቀድ ለልጆቹ ፍትሕ አይደለም።

ጊዜውን በተመለከተ ለሐዋሳ የምመርጠው ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያለውን ነው። ዝናቡ ቆሟል፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተናም ገና አልደረሰም። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ክብረ በዓል ስለሆነና በዚያ ሰሞን ከተማው በእንግዳ፣ መንገዱም በተሽከርካሪ ስለሚጨናነቅ ፍጻሜው ከዚያ በፊት ቢያልቅ ይሻላል። ውድድሩን ወደ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሚያዛውር አስተባባሪ የበልጉን ዝናብ፣ ዐቢይ ጾምን፣ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተሳበ የሚመጣውን ረመዳንንና ቀኑ በሲዳማ አባቶች የከዋክብት ቆጠራ የሚወሰነውን የፍቼ ጨምበላላ በዓል ማሰብ ይኖርበታል። በኅዳርም ቢሆን ከ15 ጀምሮ የነቢያት ጾም አለ። የሚጾሙ ልጆች ባዶ ሆዳቸውን በ8 ሰዓት ፀሐይ እንዳይሮጡ፣ የትኛው ቡድን የትኛውን ሰዓት እንደሚመርጥ አሠልጣኞቹን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የውድድሩ ቅርጽ ነው። ስምንት ቡድኖች ቢኖሩ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ለመጫወት 28 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ በጥሎ ማለፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ 7 ጨዋታ ይበቃል። የመጀመሪያው ለአንድ ሜዳ ይበዛል። በሁለተኛው ግን ወር ሙሉ ሲለማመዱ የከረሙ ልጆች ግማሾቹ በአንድ ሽንፈት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ይህን በተማሪዎች ላይ ማድረግ አልወድም። የተሻለው ቡድኖቹን በዕጣ በሁለት ምድብ ከፍሎ በየምድቡ አራት አራት ማድረግ፣ ከየምድቡ አንደኛና ሁለተኛ የወጡትንም ወደ ግማሽ ፍጻሜ ማሳለፍ ነው። ይህ 12 የምድብ ጨዋታ፣ ሁለት ግማሽ ፍጻሜ፣ የሦስተኛ ደረጃ ጨዋታና ፍጻሜ ተደምሮ 16 ጨዋታ ይሆናል። ሴቶችም በዚሁ ልክ ስለሚጫወቱ ጠቅላላው 32 ነው። አንድ ጨዋታ ከማሟሟቂያው ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ ቅዳሜ አራት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጨዋታ ብታደርጉ በአንድ ሜዳ ስድስት የሳምንት መጨረሻ ይፈጃል። የሴቶቹን ጨዋታ ሁልጊዜ ተመልካች በሌለበት በማለዳ መደልደል የተለመደ ጥፋት ነውና ተራው ይለዋወጥ፤ የፍጻሜው ቀንም ለሁለቱም አንድ ይሁን።

በምድብ ጨዋታ ያሸነፈ 2፣ የተሸነፈ 1፣ በፎርፌ የተሸነፈ 0 ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው ከተያዘለት ሰዓት 15 ደቂቃ አልፎ አምስት ተጫዋች ማሰለፍ ያልቻለ ቡድን 20 ለ 0 በፎርፌ ይሸነፋል። ቡድኖች በነጥብ እኩል ሲሆኑ ምን እንደሚደረግ ግን ብዙ አስተባባሪዎች የሚያስቡት ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። በአንድ ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ቡድኖች አራተኛውን ቡድን መን ሁሉም አሸንፈውት፣ እርስ በርሳቸው ሀ ለን 48 ለ 40፣ ለ ሐን 45 ለ 42፣ ሐ ሀን 50 ለ 46 አሸነፉ እንበል። ሦስቱም 5 ነጥብ ይኖራቸዋል። በፊባ ሕግ መሠረት የሚታየው በመጀመሪያ ሦስቱ እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ ብቻ ነው፦ ሀ በ8 አሸንፎ በ4 ስለተሸነፈ 4 ትርፍ አለው፤ ሐ በ4 አሸንፎ በ3 ስለተሸነፈ 1 ትርፍ አለው፤ ለ በ3 አሸንፎ በ8 ስለተሸነፈ 5 ዕዳ አለበት። ስለዚህ ሀ አንደኛ፣ ሐ ሁለተኛ ሆነው ያልፋሉ፤ ለ መን በ40 ነጥብ ልዩነት አሸንፎት ቢሆን እንኳ አይጠቅመውም። ይህን ምሳሌ በዕጣው ቀን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርታችሁ ብታሳዩ አሠልጣኞች ደካማውን ቡድን ነጥብ ለማጠራቀም ብለው እንዳያዋርዱትም ይረዳል።

ሜዳውን ከመምረጣችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሕጋዊው ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ የሦስት ነጥቡ መስመር ከቅርጫቱ መሐል 6.75 ሜትር፣ የፍሪ ስሮው (ከጥፋት በኋላ ተከላካይ ሳይኖር የሚወረወረው የቅጣት ኳስ) መስመር ከቦርዱ ፊት 4.60 ሜትር ይርቃል። የቅርጫቱ ቀለበት ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍታ ሊኖረው ይገባል። አንድ ጊዜ በአንድ ቅርጫት ሥር መሰላል አቁሜ ስለካ 2.97 ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ቅርጫቱ ሲተከል ከፍታው ትክክል ነበር፤ ወለሉ ግን ሁለት ጊዜ በሲሚንቶ ተለብጦ ስለነበር ሜዳው ራሱ ወደ ቀለበቱ ቀርቧል። ልጆቹ ከሌላኛው ቅርጫት ይልቅ እዚያ ብዙ የሚያስቆጥሩት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሁለቱንም ቅርጫቶች ለኩ። ውኃ የሚያቁርበትን የወለል ስንጥቅ አስደፍኑ፤ መረብም አንጠልጥሉ፤ መረብ በሌለበት ኳስ ገባ አልገባ የሚለው ክርክር አያልቅምና። በሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ስለሚነሣና ፀሐይዋም በሐይቁ አቅጣጫ ስለምትጠልቅ፣ ምርጫ ካላችሁ ቅርጫቶቹ በሰሜንና በደቡብ የቆሙበትን ሜዳ ውሰዱ። ቡድኖች ከመጀመሪያው ግማሽ በኋላ አቅጣጫ መለዋወጣቸው ጉዳቱን ቢያካፍልም የዓይን ፀሐይን አያስቀርም። ለወንዶች ቁጥር 7፣ ለሴቶች ቁጥር 6 ኳስ አዘጋጁ፤ ሴቶችን በወንዶች ኳስ ማጫወት በእጃቸው ልክ ያልተሠራ መሣሪያ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ፤ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነውና። ጠረጴዛው ላይ ነጥብ መዝጋቢ፣ ረዳት መዝጋቢ፣ ሰዓት ያዥና የ24 ሰከንድ ሰዓት ያዥ ይቀመጣሉ። እነዚህን ሰዎች በጨዋታው ጧት ከተመልካቹ መካከል መምረጥ አይገባም። ውድድሩ ከመጀመሩ ሦስት ሳምንት በፊት ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ጠንቃቃ ተማሪዎች፣ በተለይ መጫወት የማይችሉ ነገር ግን ጨዋታውን የሚወዱ፣ ተመርጠው በልምምድ ጨዋታዎች ላይ ይሠልጥኑ። የራሱ ትምህርት ቤት በሚጫወትበት ጊዜ ማንም ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም።

መዝጋቢው አንድ ቅርጫት በተቆጠረ ቁጥር ከ1 ጀምሮ ቁጥሮች በቅደም ተከተል በታተሙበት የነጥብ ዝርዝር ላይ አዲሱን ድምር በሰያፍ መስመር ይሰርዛል፤ በአጠገቡም ያስቆጠረውን ተጫዋች የማሊያ ቁጥር ይጽፋል። ባለ ሦስት ነጥብ ከሆነ የማሊያ ቁጥሩን ያከብበዋል፤ በፍሪ ስሮው የተገኘች አንድ ነጥብ ከሆነች በሰያፍ መስመሩ ፈንታ ድምሩ ላይ የተሞላ ክብ ያደርጋል። ለምሳሌ ቡድኑ 17 ላይ እያለ 8 ቁጥር ከመስመሩ ውጭ ብታስቆጥር 20 ይሰረዛል፤ ጎኑ ላይ 8 ተጽፎ ይከበባል። ለ1ኛውና ለ3ኛው ሩብ ቀይ፣ ለ2ኛውና ለ4ኛው ሰማያዊ ወይም ጥቁር እስክሪብቶ ይጠቀማል፤ ስሕተት ሲፈለግ የትኛው ሩብ ላይ እንደተፈጠረ ቀለሙ ይነግራል። ረዳቱ እያንዳንዱን ድምር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ሰሌዳውን የያዘው ልጅም ቁጥሩን የሚለውጠው ጥሪውን ሰምቶ ብቻ ነው። በዚያ ፍጻሜ የጎደለን ይህ ጥሪ ነበር፤ የሰሌዳው ልጅ ሜዳውን፣ መዝጋቢው ወረቀቱን እያየ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆጥር ነበር። መዝገቡና ሰሌዳው ከተለያዩም ጨዋታው እንደቆመ ወዲያውኑ ለዳኛው ይነገር እንጂ እስከ ሩቡ መጨረሻ አይቆይ።

የጥፋት አመዘጋገብም እንዲሁ ነው። አምስተኛ ጥፋት የሠራ ተጫዋች ይወጣል፤ ቡድኑም በአንድ ሩብ አራት ጥፋት ከሞላ በኋላ ለሚሠራው መከላከያ ጥፋት ተጋጣሚው ሁለት ፍሪ ስሮው ያገኛል። ታይም አውት፣ አሠልጣኝ የሚጠይቀው አጭር ዕረፍት፣ ለእያንዳንዱ ቡድን በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት ነው። አራቱ ሩብ በእኩል ውጤት ካለቀ 5 ደቂቃ ይጨመራል፤ ደግሞም እኩል ከሆነ ሌላ 5 ደቂቃ ይጨመራል። የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በአቻ አይለያይምና።

ለጨዋታው ቀን ንጹሕ የመጠጥ ውኃ፣ ለቁርጭምጭሚት ወለምታ በረዶና ፋሻ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያውቅ ሰው፣ እንዲሁም ጉዳት ቢደርስ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ አስቀድሞ የተነጋገራችሁት ተሽከርካሪ ይኑር። የደጋፊዎች መቀመጫ ከመስመሩ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ ከጠረጴዛው ጀርባም ማንም አይቁም።

የፍጻሜው ፊሽካ እንደተነፋ ተመልካቹ ወደ ሜዳ ሳይገባ ጠረጴዛው በአስተናባሪዎች ይከበብ። መዝጋቢው የመጨረሻውን ድምር ያከብባል፤ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሮ ውጤቱንና የአሸናፊውን ስም ይጽፋል፤ ረዳቱና ሰዓት ያዦቹ ይፈርማሉ። ክስ የሚያስይዝ ቡድን ካለ አምበሉ በዚያው ወረቀት ላይ በተዘጋጀው ቦታ ይፈርማል። ዋናው ዳኛ መዝገቡን ከሰሌዳው ጋር አመሳክሮ መጨረሻ ላይ ይፈርማል፤ በዚህ ፊርማ ዳኞቹ ከጨዋታው ጋር ያላቸው ግንኙነት ያበቃል። የመዝገቡ ቅጂ ለሁለቱ ቡድኖች ይሰጥ፤ ዋንጫው ከጠረጴዛው ሥር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።