በሜይን ጫካ ጥቁር ድብን በማባበያ ማደን፦ ክሮስቦው ለያዘ አዳኝ

ክሮስቦው ሰደፍና ቃታ ያለው ቀስት ነው። መልኩ ጠመንጃ ስለሚመስል ሩቅ የሚደርስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፍላጻ የሚገድለው ቆርጦ ደም በማፍሰስ ስለሆነ ሁለቱንም ሳንባ ካልበሳ ድቡ ቆስሎ ጫካ ይገባል። ከሳቱት ደግሞ አውታሩን መልሶ ወጥሮ ሌላ ፍላጻ እስኪያጎርሱ ድቡ የለም። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፦ ድቡ ከ20 ያርድ (18 ሜትር) ባነሰ ርቀት፣ ሳይደነግጥ፣ ጎኑን ሰጥቶ እንዲቆም።

ሜይን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያለች ግዛት ናት። ጫካዋ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከሠላሳ እርምጃ በላይ የማይታይበት ቦታ ብዙ ነው፤ ድብን እየተከተሉ ማደን እዚያ እምብዛም አይሳካም። በማባበያ ማደን (ምግብ አስቀምጦ ድቡ ሊበላ ሲመጣ መተኮስ) ይከልከል ወይ ተብሎ በ2004 እና በ2014 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት ሁለቱንም ጊዜ እንዲቀጥል ወስኗል። ማባበያ ማስቀመጥ የሚፈቀደው አደኑ ከመከፈቱ 30 ቀን ቀድሞ ነው። አደኑ የሚከፈተው በኦገስት የመጨረሻ ሰኞ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 19 እስከ 25 ባለው ጊዜ፣ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ይውላል። በማባበያ ላይ የሚታደነው ለአራት ሳምንት ብቻ ነው። እሑድ ማደን ክልክል ነው። መተኮስ የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ደንቡ ከዓመት ዓመት ስለሚሻሻል የዓመቱን የአደን መመሪያ ሳያነቡ፣ ለክሮስቦው የሚጠየቀውንም ስልጠና ሳያጣሩ ፈቃድ አይግዙ።

ቦታ ሲመርጡ መጀመሪያ የመሬቱን ባለቤት ያስፈቅዱ። ማባበያው መኪና ከሚሄድበት መንገድ ቢያንስ 50 ያርድ፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት ደግሞ (ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ) 500 ያርድ መራቅ አለበት። ስምና አድራሻ የተጻፈበት 2 በ4 ኢንች የሆነ ምልክትም ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ የአዳኙ ነው። ድብ ገላጣ መሬት ላይ በቀን መታየት አይወድም፤ ስለዚህ ውሃ አጠገብ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ረግረግ ዳር፣ ወይም እንጆሪ የበቀለበት አሮጌ ቆረጣ (ዛፉ ተቆርጦ የተነሣበት ቦታ) ጠርዝ ጥሩ ነው። እርስዎ የሚገቡበት መንገድ ግን ድቡ የሚተኛበትን ጥሻ ማቋረጥ የለበትም።

ነፋስን በተመለከተ ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ያስባል። ተቀምጠው የሚጠብቁበት ማማ ነፋሱ ከማባበያው ወደ እርስዎ በሚነፍስበት በኩል መሆን እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። ትልቅ ድብ ግን ወደ ምግቡ በቀጥታ አይመጣም፤ ከነፋሱ በታች በኩል ዞሮ እያሸተተ ነው የሚመጣው፤ ይህም ማለት ከማማው ጀርባ ያልፋል። መፍትሔው ከማማው ጀርባ ድብ የማይሄድበት ነገር እንዲኖር ማድረግ ነው፦ ኩሬ፣ ገላጣ ቆረጣ ወይም መንገድ። ተዳፋት ላይ ከሆኑ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አየሩ ቀዝቅዞ ወደ ታች እንደሚፈስ ያስታውሱ። ማማው ከማባበያው ከፍ ብሎ ከተሠራ፣ ድቡ በሚመጣበት በዚያችው ሰዓት ጠረንዎ ወደ ማባበያው ይወርዳል።

የማባበያው ምግብ የሚቀመጥበት በርሜል የ55 ጋሎን (208 ሊትር) ብረት ይሁን፤ ቀድሞ ኬሚካል የያዘ ፈጽሞ አይሆንም። ጎኑ ላይ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ያውጡ፤ መዳፍ ይገባበታል፣ ምግቡ ግን በአንድ ጊዜ አይፈስም። ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱት። ታቹንም ይበሳሱት፤ አለዚያ ዝናብ ገብቶ ዳቦው ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል። በርሜሉን አቁመው ከጭን በሚወፍር ዛፍ ላይ በሰንሰለት ሁለት ዙር ይሰሩት። ልቅ ከሆነ ድቡ አንከባሎ ጥሻ ውስጥ ያስገባዋል።

ቀዳዳው ወደ ማማው ከዞረ ድቡ ሲበላ ጀርባውን ይሰጥዎታል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ አይተኮስም። ስለዚህ ቀዳዳው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይዙር፤ በሌሎቹ አቅጣጫዎች ደግሞ ግንድ ደራርበው ይዝጉ፤ ድቡ እጁን ለማስገባት ሲቆም ጎኑ ወደ እርስዎ ይሆናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ምግብ ይበቃል፦ የደረቀ ዳቦ፣ ዶናት፣ ፈንድሻ፣ በሞላሰስ የታሸ አጃ። ፕላስቲኩንና ወረቀቱን ሁሉ ያውጡ። ዙሪያውን መሬት ላይ ድንች የተጠበሰበት አሮጌ ዘይት ያፍስሱ፤ ድቡ ረግጦት በሄደ ቁጥር ሽታውን በመዳፉ ይዞ ጫካውን ያዳርሰዋል፣ ሌላው ድብም ያንን ተከትሎ ይመጣል። ቸኮሌት ግን አያስገቡ። በ2014 በጎረቤቷ ኒው ሃምፕሻየር አንድ ማባበያ ዘንድ አራት ድቦች ሞተው ተገኝተዋል፤ የገደላቸው በቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴኦብሮሚን ነበር። ስኳር የለሽ ማስቲካና ከረሜላም አይጣል።

በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ እኩለ ቀን አካባቢ ይሙሉ። በአንድ መንገድ ይግቡ፣ አንድ የላስቲክ ቦት ጫማ ያድርጉ፣ ሲጨርሱ በርሜሉን በባልዲ ኳ ኳ ያድርጉት። ድቡ ከሩቅ ሰምቶ ምግብ መጣ ማለትን ይለምዳል። የሚከታተል ካሜራ ካለዎት ሁለት ሜትር ከፍ አድርገው ወደ ታች አዘንብለው ይስቀሉት፤ ዝቅ ያለውን ድብ ያኝከዋል።

ካሜራው ድቡ በሌሊት ብቻ እንደሚመጣ ካሳየ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ምግብ ስለበዛ የሚያጣድፈው ነገር አለመኖሩ ነው፤ ከመክፈቻው ሳምንት ጀምሮ እስከ ንጋት የሚያልቅ ያህል ብቻ ይጨምሩ። ሁለተኛው እርስዎ ራስዎ አመሻሽ ላይ እየሄዱ ጠረን መተውዎ ነው። ከነጭራሹ ከቀረ ደግሞ ቀና ብለው ቢች የተባለውን ዛፍ ይዩ፤ ፍሬው በሰመረበት ዓመት ድብ ዶናትን ትቶ ወደ ፍሬው ይሄዳል። ያኔ ምግብ መከመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ክሮስቦው በሜይን ቢያንስ 100 ፓውንድ የመወጠር ኃይል ሊኖረው ይገባል፤ የዛሬዎቹ ከ150 በላይ ናቸው፤ ለዚህ ርቀት ከበቂ በላይ ነው። ገንዘቡን በፍጥነት ላይ ከማዋል ለፍላጻውና ለጫፉ ማዋል ይሻላል። ፍላጻው ከነጫፉ ከ400 ግሬን (26 ግራም) አይነስ፤ ስለቱ የማይታጠፍ፣ ስፋቱ ከ7/8 ኢንች (2.2 ሴንቲ ሜትር) ያላነሰ፣ ክንድ ላይ ጸጉር የሚላጭ ያህል የተሳለ ይሁን። ልምምዱን በዚያው ክብደት፣ ከዚያው ከፍታ ያድርጉ። ሲወጥሩ በእጅ አይጎትቱ፤ መወጠሪያ ገመዱን ይጠቀሙ። አውታሩ ወደ አንድ ወገን ጥቂት ሚሊ ሜትር ካመዘነ ፍላጻው ወደ ጎን ይሄዳል። የግራ እጅ አውራ ጣት ሁልጊዜ ከአውታሩ መሄጃ በታች ይሁን፤ ከፍ ካለ አውታሩ ጣቱን ይቆርጠዋል። ፍላጻ ሳይኖርበት ቃታ ከተሳበ ደጋኑ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማማው ከ4 እስከ 5 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ምቱ በጣም ቁልቁል ስለሚሆን አንዱን ሳንባ ብቻ ይበሳል። ከመሬት ሲነሱ ጀምሮ የደህንነት ቀበቶው ዛፉ ላይ ከታሰረው ገመድ ጋር ይታሰር። ክሮስቦውን ታች ወጥረው፣ ሴፍቲውን (የቃታውን መቆለፊያ) ዘግተው፣ ፍላጻ ሳያጎርሱ ይተዉት፤ ከወጡ በኋላ በገመድ ይሳቡት፣ ከዚያ ያጎርሱ። ደጋኑ ሲፈታ ወደ ጎን ስለሚዘረጋ የማማውን ብረትም ዛፉንም እንዳይነካ ባዶውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እያዞሩ አስቀድመው ይፈትሹ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ግድም ቦታዎን ይያዙ፤ በአብዛኛው የሚመጣው የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ልጅ እግሩ ድብ ነው። ለመለየት በርሜሉ ራሱ መለኪያ ነው፤ ቁመቱ 88 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአራት እግሩ ቆሞ ጀርባው ከበርሜሉ አናት የሚስተካከል ድብ ትልቅ ነው፤ ግማሹ ላይ የሚደርሰውን ይተዉት። ጆሮውንም ይዩ፦ የወጣት ድብ ጆሮ ረጅምና ቀጥ ያለ ሆኖ አናቱ ላይ ተቀራርቦ ይታያል፤ የአዋቂው ግን ትንሽ ሆኖ ወደ ጎን የተራራቀ ነው። ጥሩ ድብ ከመጣ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ እናት ከሆነች ግልገሎቿ ዛፍ ላይ ወይም ጥሻ ውስጥ ሆነው ሊዘገዩ ይችላሉ። ግልገል ካዩ አውራ ጣትዎን ከሴፍቲው ያንሱ።

የሚተኮሰው ጎኑን ሲሰጥ፣ ወይም ደግሞ ፊቱን በጥቂቱ ወደዚያ አዙሮ ሲቆም ነው። በእርስዎ በኩል ያለው ወርች ወደ ፊት እስኪዘረጋ ይጠብቁ፤ እጁን በርሜሉ ውስጥ ሲያስገባ ይህ በራሱ ይሆናል፣ የትከሻው አጥንትም ሳንባውን ይገልጠዋል። ከወርቹ ኋላ የአንድ መዳፍ ያህል፣ ከጀርባውና ከደረቱ መካከል ባለው መስመር ላይ ያነጣጥሩ። ጸጉሩ ረጅም ስለሆነ የሚታየው የሆዱ መስመር ጸጉር ብቻ ነው፣ ሥጋው ከዚያ ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ዝቅ አድርገው የሚተኩሱ ሰዎች ጸጉር ብቻ ቆርጠው ይመለሳሉ። ፊት ለፊት፣ ከኋላ ወይም ቀጥታ ከስር ሲቆም አይተኩሱ።

ከተኮሱ በኋላ አይንቀሳቀሱ። ሰዓቱን ይያዙ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩበትን ዛፍ በዓይንዎ ምልክት ያድርጉ፣ ያዳምጡ። ሳንባው የተመታ ድብ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ረጅም ማቃሰት ሊያሰማ ይችላል፤ ባያሰማም ስተዋል ማለት አይደለም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ ከዚያ ፍላጻውን ይመርምሩ። ደማቅና አረፋ ያለው ደም የሳንባ ነው። አረንጓዴ ነገር ወይም የአንጀት ሽታ ካለው ተመልሰው ይሂዱና ስድስት ሰዓት ያህል ቆይተው ከሰው ጋር ይምጡ። ስቡና ጸጉሩ ደሙን ስለሚመጥጥ መሬት ላይ ጠብታ አይጠብቁ፤ የሚገኘው ሲያልፍ በተሻሸባቸው ቅጠሎችና ግንዶች ላይ፣ በጉልበትና በወገብ ከፍታ ነው። በጨለማ ብቻዎን አይከተሉ።

ድቡን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ስምዎ የተጻፈበትን ምልክት ያንጠልጥሉበት፤ በ18 ሰዓት ውስጥም ማስመዝገብና ጥርስ ማስረከብ ግዴታ ነው። በኦገስት ሙቀት ሥጋው በጥቂት ሰዓት ሊበላሽ ይችላል፤ ቶሎ ሆዱን አውጥተው፣ ቆዳውን ገፈው፣ በረዶ የሞሉ ከረጢቶችን በደረቱ ውስጥና በታፋዎቹ መካከል ያስገቡ።

ሥጋውን ማን ይበላዋል የሚለው ፈቃዱ ሳይገዛ የሚወሰን ነው። ድብ የተሰነጠቀ ሰኮና የሌለው፣ የማያመሰኳ እንስሳ ስለሆነ ብዙ ኦርቶዶክሶች አይበሉትም፤ ሙስሊሞችም እንዲሁ። የግዛቷ «ሃንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ» ፕሮግራም የድብ ሥጋ ተቀብሎ ለተቸገሩ ያደርሳል። የሚበሉት ከሆነ ክትፎና ለብለብ ፈጽሞ አይታሰብ። የድብ ሥጋ ትሪኪኔላ የተባለ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ በሰሜኑ አገር ያለው ዓይነት በረዶ አይገድለውም። በ2022 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ በአንድ የቤተሰብ ግብዣ ላይ 45 ቀን በረዶ ቤት የቆየ የድብ ሥጋ በደንብ ሳይበስል ቀርቦ ስድስት ሰዎች በዚህ ትል ታመዋል። መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ በቴርሞሜትር ይለኩ። እንደ ቀይ ወጥ በቁሌት ለረጅም ሰዓት መቀቀል ከሁሉ ይሻላል፤ ጠንካራውን ሥጋም ያለሰልሰዋል።

በርሜሉ፣ ሰንሰለቱ፣ ምልክቱና የተረፈው ምግብ ሁሉ እስከ ኖቬምበር 10 ድረስ ከጫካው መውጣት አለበት፤ ዘይት የጠጣውን አፈርም በአካፋ ገልብጠው ቅጠል ያልብሱት።