ወፏ የምታወራው ከማን ጋር ነው? የማዳመጥ መንገድ ለጀማሪ

ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የድምፅ ቴክኒሺያን ነበርኩ። የእንግዳውን ሳል፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ በመስኮት የሚገባውን የመኪና ጡሩምባ እየቆረጡ መጣል ነበር እንጀራዬ። ጡረታ ወጥቼ ባቱ ስገባ (እኔ እስካሁን ዝዋይ ነው የምላት) ያንኑ አመሌን ይዤ ወደ ወፎች ዞርኩ።

ግቢዬ ጥግ ቁጥቋጦው ውስጥ ቡቡ አለ። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ ላኒያሪየስ ኤቲዮፒከስ የሆነ፣ ከመታየት ይልቅ መሰማት የሚቀናው ወፍ ነው። ደወል የመሰለ ፉጨቱን ጠዋት ጠዋት እቀዳለሁ። ከፉጨቱ ኋላ የሚመጣውን ጎርናና ድምፅ ግን ሌላ ወፍ የበጠበጠኝ መስሎኝ እየቆረጥኩ እጥል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ። ለካስ ስቆርጥ የኖርኩት የትዳር ጓደኛውን መልስ ነው።

ስለዚህ «ይህ ምን ወፍ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። እሱን በኋላ ከመጽሐፍ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «አጠገቡ ማን አለ?» ነው። ወፍ እንደ ሰው ነው፤ ለባሉ የሚያወራው፣ ለልጁ የሚያወራውና ለጎረቤቱ የሚያወራው አንድ አይደለም። ብቻውን ተቆርጦ የተቀመጠ ድምፅ ስልክ ላይ ያለን ሰው አንድ ወገን ብቻ እንደመስማት ነው።

ዕቃው ብዙ አያስቸግርም። ስልክ ይበቃል። የስልኩን የድምፅ ማጥሪያ አጥፉት፤ ለሰው ንግግር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ወፉን ነው የሚያጠፋላችሁ። ፋይሉ በዌቭ ይቀመጥ፣ የታመቀው ዓይነት ቀጭኑን ድምፅ ይበላል። ነፋስ ካለ ማይኩ ላይ ንጹሕ ካልሲ አልብሱት። የቀድሞ ባልደረቦቼ ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር፣ ግን ይሠራል። ቤት ስትገቡ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ የድምፁን ሥዕል እዩ፤ ጆሮ አንድ ያለው ብዙ ጊዜ ዓይን ላይ ሁለት ሆኖ ይወጣል። አቅራቢ መነጽር ካላችሁ መልካም፣ ከሌላችሁም አትቅሩ። ደብተር ግን የግድ ነው።

ቡቡን ለማወቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እኔ የእህቴን ልጅ አስቸግሬያት ነው የገባኝ። እሷ ከቁጥቋጦው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ቆምን። ድምፅ ከእሷ በኩል ሲመጣ እጇን ታነሳለች፣ ከእኔ በኩል ሲመጣ እኔ አነሳለሁ። ፉጨቱ ሲወጣ እኔ አነሳሁ፤ ገና እጄን ሳላወርድ የእሷ እጅ ላይ ነው። እንደ ሠርግ ዘፈን አውጪና ተቀባይ አላቸው ማለት ነው፤ ልዩነቱ በሁለቱ መካከል ክፍተት አለመኖሩ ነው። እንግሊዛዊው የወፍ ድምፅ ተመራማሪ ዊልያም ቶርፕ በ1963 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካን እንዲህ ያሉ ወፎች ቅብብል መዝኖ ጆሯቸው ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያሳየው ከዚህ ነበር። በምዕራብ አፍሪካ ኮትዲቯር ደግሞ የቡቡ ጥንዶች ድንበር ላይ ተጋጭተው ሲያሸንፉ የሚያሰሙት ለብቻው የሆነ ቅብብል እንዳላቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እልልታ በሉት። ስለዚህ ቅብብል ስትሰሙ ከአንድ ደቂቃ በፊት ምን ተፈጥሮ እንደነበር ጻፉ፤ ጠብ ነበር? ጎረቤት ገብቶ ወጣ? ያለዚያ የድል ዘፈኑና የጠዋት ሰላምታው ደብተራችሁ ላይ አንድ ይሆኑባችኋል።

ከጥንድ ወደ ቤተሰብ ስትሸጋገሩ ነገሩ ይጣፍጣል። ወደ አብያታና ሻላ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ግራር በግራር የሆነው ሜዳ ላይ ስትደርሱ፣ ድርቆሽ የተበተነበት የሚመስል ዛፍ ፈልጉ (ፓርኩ ውስጥ ከሆነ ስካውት ይዛችሁ ግቡ)። ያ ድርቆሽ ጎጆ ነው። ባለቤቱ ዓይኑ ላይ ነጭ ቅንድብ ያለው ጎጆ ሸማኔ ድንቢጥ ነው፤ በቤተሰብ ይኖራል፤ የሚወልዱት ግን አባወራውና እማወራዋ ብቻ ናቸው፣ ሌሎቹ ያግዛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጎጆ ቆጥሮ «አሥራ አምስት ወፍ» ይላል። እኔም ብያለሁ። ስህተት ነው። እያንዳንዱ ለብቻው በአንድ ጎጆ ያድራል፣ ብዙው ጎጆ ደግሞ ባዶ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በርጩማና ጋቢ ይዞ ከዛፉ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ መቀመጥ ነው። አትናገሩ፣ ባትሪ አታብሩ። በመራቢያ ጊዜያቸው ከሆነ ገና ሳይነጋ አንድ ወፍ ብቻውን ረጅም ዘፈን ይጀምራል። ያ አባወራው ነው። ሌሎቹ ወንዶች ይህን ዘፈን አይዘፍኑም፤ ጉሮሮ አጥተው ሳይሆን ቦታቸው ስላልሆነ ነው። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ከየጎጆው አንድ አንድ እያሉ ብቅ ይላሉ፤ ያኔ ቁጠሩ። ወዲያው አባወራውና እማወራዋ ቅብብል ይገባሉ፣ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ዛፉ በሙሉ ይንጫጫል። የጎረቤት ዛፍ ይመልሳል። በአንድ ጠዋት ሦስት ዓይነት ዘፈን ሰማችሁ፣ ሦስቱም ዘፋኙ በቤቱ ውስጥ ማን እንደሆነ ይናገራሉ።

ደቡብ አፍሪካ ካላሃሪ ውስጥ የጀርመኑ ማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ለእነዚሁ ወፎች ከአንድ ግራም የምታንስ ማይክ ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ በቅብብሉ ሰዓት የአንጎላቸውን ሥራ ጭምር ቀድተዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ ሁለተኛዋ ስትገባ የመጀመሪያው ወፍ አንጎል ምት ይቀየራል፤ ሁለቱ አንጎሎች አንድ ላይ መርገጥ ይጀምራሉ። የሚያዘፍነው የሌላው ድምፅ ነው ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የድሮ ቅጂዎቼን መስማት አፈርኩ።

ሐይቁ ዳር ካፌ ቁጭ ብላችሁ ፍርፋሪ የሚለቅሙትን ሰማያዊ የሚያብረቀርቁ፣ ሆዳቸው ሸክላ፣ ደረታቸው ላይ ነጭ መቀነት የታጠቁ ወፎች ታውቋቸው ይሆናል። የእነሱን የመሬት ጫጫታ ተዉት፤ ሲነሱ የሚያሰሙትን አጭር ጥሪ ቅዱ። ኬንያ ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጥሪው የግለሰቡንም የቡድኑንም መለያ ይዟል፤ የሥጋ ዝምድናን ግን አይናገርም። እኔን የገረመኝ ይኸኛው ነው። አብሮ መኖር እንጂ አብሮ መወለድ አይደለም ድምፁ ላይ የሚቀረው። የዕድር አባላት በሉ። ሁለት ቡድን አንድ ዛፍ ላይ ሲገናኝ መጥሪያቸውን ለየብቻ ቅዱና በሥዕሉ አስተያዩ።

ማስጠንቀቂያ ድምፅ ላይ ተጠንቀቁ፣ ቀላል ይመስላል ግን ያታልላል። ጭልፊት ከላይ ሲመጣ ብዙ ትናንሽ ወፎች የሚያሰሙት ቀጭን፣ የተሳለ፣ ከየት እንደወጣ የማይታወቅ ድምፅ ነው፤ የሚጮኸው ራሱን አያጋልጥም። እባብ ወይም ድመት መሬት ላይ ሲያዩ ግን ሻካራ፣ የተደጋገመ፣ «እዚህ ነኝ ኑ» የሚል ጩኸት ነው፤ ሰብስቦ ለማባረር ነውና። ይህን ከያዛችሁ ድምፁ ብቻ ወደ ላይ ተመልከቱ ወይስ ወደ ታች ይነግራችኋል።

አታላዩ ጅራቱ እንደ መቀስ የተከፈለው ጥቁር ወፍ ነው፤ ድሮንጎ ይሉታል፣ ግራር ያለበት ሁሉ አለ። ከሌሎች ወፎች ጋር ይውላል፣ ጭልፊት ሲመጣ በእውነት ያስጠነቅቃል፣ ስለዚህ ያምኑታል። ከዚያ አንዷ ወፍራም ትል ስታወጣ ጭልፊት በሌለበት ይጮሃል። እነሱ ይሸሻሉ፣ እሱ ትሉን ያነሳል። በካላሃሪ የተከታተሉት በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የሌሎችን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሳይቀር አስመስሎ ይጮሃል፣ አንዱ ድምፅ ሲነቃበት ወደ ሌላ ይቀይራል። በድምፅ ቅጂ ብቻ ይህን ማወቅ ፈጽሞ አይቻልም። ማስጠንቀቂያ በሰማችሁ ቁጥር እስከ ሠላሳ ቆጥሩና ጻፉ፤ ማን ሸሸ፣ ማን ቀረ፣ ማን በላ።

የእኔ ደብተር ላይ አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ጠዋት 12፡40። ሐይቁ ዳር፣ ሁለተኛው ግራር። ቡቡ ፉጨት፤ መልስ ከቀኝ በስድስት እርምጃ ያህል። ከዚያ በፊት ዝንጀሮ አለፈ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም፣ አንዱ ወርዶ መሬት ጫረ።» ሰዓት፣ ቦታ፣ አጠገብ ማን አለ፣ በፊት ምን ሆነ፣ በኋላ ምን ሆነ። የወፉ ስም ባይታወቅ እንኳ መስመሩ ዋጋ አለው። ቀረጻው ሲያልቅ ይህንኑ በቃላችሁ ማይኩ ላይ ተናገሩት፤ ደብተር ይጠፋል።

ስለ ቀበሌኛ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አዎ፣ ዘማሪ ወፎች ዘፈን ከታላላቆቻቸው ይማራሉ፤ ልጅ ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ለራሱ ሲያንጎራጉር ከሰማችሁ ልምምድ ላይ ነው፣ ዝም ብላችሁ ቅዱት። የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ድንቢጦች እንደ ጎጃምና ወሎ አማርኛ በየመንደራቸው የተለያየ ዜማ እንዳላቸው ተመራማሪው ፒተር ማርለር በ1960ዎቹ አሳይቷል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ቁጥሩ የተመናመነ አንድ ማር ቀሳሚ ወፍ አለ፤ ወጣቶቹ የሚሰሙት ታላቅ እያጡ 12 በመቶ ያህሉ ወንዶች የሌላ ወፍ ዘፈን ሲዘፍኑ ተገኝተዋል። ይህ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ግን እናንተ ከባቱ ሁለት፣ ከሀዋሳ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ «ቀበሌኛ አገኘሁ» አትበሉ። የሰማችሁት ልዩነት የጥንዶቹ እንጂ የከተማው ላይሆን ይችላል። ከየቦታው ቢያንስ አሥር ጥንድ፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሰዓት።

አንድ ነገር አታድርጉ፤ የቀዳችሁትን መልሳችሁ አታጫውቱባቸው። እኔ አድርጌዋለሁ። ቅብብሉን በድምፅ ማጉያ ለቀቅኩት፤ ጥንዱ እንግዳ ጥንድ ቤታቸውን ሊነጥቅ የመጣ መስሏቸው ከጠዋት እስከ ረፋድ ቅጥሩን ሲዞሩ ዋሉ፣ አንድም ጊዜ ሲበሉ አላየሁም። ለእኔ ጨዋታ ነበር።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ከግቢዬ ጥንድ አንዱ ጠፋ። ድመት ይሁን ሌላ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ግን ፉጨቱም ጎርናናውም ተሰማ። ደስ ብሎኝ «ሁለት» ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሳሁና የእህቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። ዞሬ ከወዲያ ሆኜ አየሁ። አንድ ወፍ ነው። የራሱንም የጠፋውንም ድርሻ ብቻውን እየዘፈነ። ቶርፕም ይህን ታዝቧል፤ ጓደኛው ሲርቅ የቀረው ሙሉውን ዜማ ይይዛል፣ የራቀውም ሲሰማ አንዳንዴ ይመለሳል። ደብተሩ ላይ «አንድ ወፍ፣ ሁለት ድምፅ፣ ከሁለቱም ወገን ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሎሚው ዛፍ መልስ መጣ። አዲስ ነው፤ ይዘገያል፣ ይሳሳታል፣ አንዳንዴ ሁለቱ አንድ ላይ ይጀምሩና ሁለቱም ያቆማሉ። 14 ደቂቃ ቀዳሁ። የጎረቤት ዶሮም የእኔ ሳልም አለበት፣ ምንም አልቆረጥኩም።