የሟች አባትን የአየር ኃይል አገልግሎት ሲያፈላልጉ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ጎንደርና አዘዞ ውስጥ አባታቸው በንጉሡ ወይም በደርግ ዘመን በአየር ኃይል ያገለገሉ ቤተሰቦች አሉ። አባት ካረፉና ዐርባቸው ካለፈ በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት፣ ልጆች አንድ ሁለት ፎቶግራፍና የወየበ ወረቀት ይዘው «ከየት እንጀምር?» ብለው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ አጀማመራቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው አባትን ገና ከመነሻው አብራሪ አድርጎ ፍለጋ መጀመር ነው። አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ከመሬት እንዲነሣ ሞተር የሚፈትሽ፣ ቦምብና ሮኬት የሚያስር፣ ነዳጅ የሚሞላ፣ ራዳር የሚጠብቅ፣ የአየር ጠባይ የሚከታተል፣ ፓራሹት የሚያጥፍ ሰው ያስፈልጋል፤ አብራሪዎቹ ከጠቅላላው አባል ጥቂቶቹ ነበሩ። ልጆቹ ግን አባታቸው ኤፍ-5 ከተባለው አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊ ጄት አፍንጫ ሥር ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ አይተው ፍለጋውን ከአብራሪዎች ዝርዝር ይጀምራሉ፤ ስሙን ሲያጡም «ፋይሉን ሆን ብለው አጥፍተውታል» ይላሉ። እንዲህ ብሎ ብዙ የተንከራተተ ወጣት አውቃለሁ። ፎቶግራፉን አጉልተን ስናየው አባቱ የለበሱት የአብራሪ ልብስ ሳይሆን የሥራ ቱታ ነበር፤ ከኪሳቸውም የመፍቻ ጫፍ ብቅ ብሏል። የጦር መሣሪያ ቴክኒሻን ነበሩ፤ በዚያ ሙያ ሲጠየቅ የሥልጠና ወረቀታቸው ቅጂ ተገኘ። ወጣቱ በመደሰት ፈንታ ቅር አለው፤ ከስህተቱ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ቅሬታው ነው። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር የአየሩን የበላይነት የወሰዱት ኤፍ-5ዎች በቴክኒሻኖች እጅ ካልታጠቁና ካልተጠገኑ በቀር አንድ ቀን እንኳ ሊበሩ አይችሉም ነበር። ከዚሁ ጋር አየር ወለድን ከአየር ኃይል መቀላቀል አለ፤ አየር ወለድ በፓራሹት ይውረድ እንጂ የምድር ጦር ነው፤ ማኅደሩም መፈለግ ያለበት በዚያው በኩል ነው።

ጄት ሁሉ በቤተሰብ ወግ «ሚግ» ይባላል። በኦጋዴን ጦርነት የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ሚግ-21 የጠላት አውሮፕላን ነበር፤ የእኛዎቹ ተዋጊ ጄቶች አሜሪካ ሠራሽ ነበሩ። የአውሮፕላኑን ዓይነት የሚለይ ሰው ፎቶግራፉ የተነሣበትን ዘመን በግምት ያውቃል፦ ኤፍ-86 ሳቤር በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤፍ-5 በ1950ዎቹ መጨረሻ የገቡ ሲሆኑ፣ ሚግ-21 እና ሚግ-23 የመጡት ከሶቭየት ኅብረት ጋር ወዳጅነት ከተመሠረተ በኋላ ነው። ስለዚህ አባት ከሚግ-23 አጠገብ የቆሙበት ፎቶግራፍ በ1960 የተነሣ ሊሆን አይችልም፤ ጀርባው ላይ የቤተሰብ ሰው ምንም ዓመተ ምሕረት ቢጽፍበት።

የፈረንጆቹን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱ በግርድፉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሶ ማለፍም ፍለጋውን ያሳስታል። ጅጅጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ እጅ ወድቃ የካቲት 26 ቀን 1970 ነጻ ወጣች፤ ሁለቱም በእኛ አንድ ዓመት ናቸው፤ በፈረንጆቹ ግን አንዱ 1977 ሌላው 1978 ነው። አሜሪካ የሠለጠኑ አባት የምስክር ወረቀት ላይ የሰፈረውን ቀን ከአገር ቤቱ የሹመት ደብዳቤ ጋር የሚያስተያይ ሰው ወሩን ሳያይ ዓመቱን ብቻ ከቀነሰ፣ አባቱ ሳይመረቁ የተሾሙ ይመስለዋል።

ስምን እስከ አያት ሳይይዙ መዝገብ ቤት መሄድ ድካም ነው። «ኃይሉ»ን በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ እና በብዙኃኑ ኀ ፈልጉ፤ እንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ደግሞ የአያታችሁ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ከፊት ሊመጣ ይችላል። አባት ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ስም ጎረቤት ከሚጠራቸው የተለየ እንደሆነም እናትን ጠይቁ።

ወረቀቱን ላሚኔት አታስደርጉ። ላስቲኩ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም፤ ከጀርባ ያለ ማኅተምና የእጅ ጽሑፍም ሊደበዝዝ ይችላል።

የአባት ጓዶች በዕድሜ ገፍተዋልና እነርሱን መጠየቅ ለነገ አይባልም። ሆኖም «አባባ ጀግና ነበሩ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ «እንዴታ!» ከማለት ሌላ መልስ አያገኝም። «ሻምበል፣ ከአባቴ ጋር በየትኛው ስኳድሮን ነበሩ? አለቃችሁ ማን ነበር? ከደብረ ዘይት ወደ አሥመራ የተዛወራችሁት መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ሰነድ የሚያስገኝ ፍንጭ ይዞ ይወጣል።

አንዳንዶች የኦጋዴኑን ድል ብቻ መርጠው በደርግ ዘመን በኤርትራና በትግራይ የተካሄደውን የሰሜኑን ጦርነት ይዘሉታል። አባቱ ከ1970 በኋላ አሥመራ ተመድበው የነበሩ ሰው የዚያን ዘመን ታሪክ ሲጽፍ፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ትግራይ ውስጥ በሐውዜን ገበያ ላይ የወረደውን የአየር ድብደባ እንዳላየ ማለፍ አይችልም። ይህ ማለት አባት በዚያ ነበሩ ማለት አይደለም፤ የት እንደነበሩ በሰነድ መለየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የግንቦት 8 ቀን 1981 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራም እንዲሁ ነው፦ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ሕይወታቸው ያለፈበት፣ ብዙ መኮንኖችም የታሰሩበት ጊዜ ነውና፣ የአገልግሎት ታሪካቸው በዚያ ዓመት የሚቋረጥ አባት ከድተው ነው ብሎ ለመደምደም መቸኮል አይገባም።

በመጨረሻ የማነሣው ብዙዎች ጭራሽ የማያስቡትን ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የክፍሎች ወረቀት ብዙ ተበታትኗል፤ የገንዘብ ወረቀት ግን በሌላ መሥሪያ ቤት ስለሚያዝ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። አባት ጡረታ ይቀበሉ ከነበረ፣ ወይም እናት የተተኪ ጡረታ የሚቀበሉ ከሆነ፣ የጡረታው ማኅደር የቅጥርና የስንብት ቀን፣ ማዕረግና ደመወዝ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ቢሾፍቱ (የቀድሞው ደብረ ዘይት) ወዳለው አየር ኃይል ከመውረድ በፊት የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡና የእናትን የጡረታ ደብተር ይዛችሁ በቅርብ ካለው የጡረታ ጽሕፈት ቤት ጀምሩ፤ የማኅደሩን ቁጥር በማስታወሻ ጽፋችሁ ያዙ፤ ቀጥሎ የምትሄዱበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ ቁጥር ነው።