አዲስ ማርሚታ ተገጥሞም ድምፁ ሲቀጥል

አዲስ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) የተገጠመለት ኮሮላ ጠዋት ሲነሳ «ትክ ትክ» ይላል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። አዳማ ውስጥ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሲወጣ ደግሞ የጭስ ማውጫው ቱቦ ቦዲውን ይመታል። ጥፋቱ የማርሚታው አልነበረም።

ትክትክታው የሚመጣው ከቱቦው የፊተኛ መገጣጠሚያ ከሚያፈስ ጭስ ነው። እዚያ ያለው ጋስኬት (ጭስ እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት) አንዴ ከተጨመቀ ዳግም በደንብ አይዘጋም፤ በተፈታ ቁጥር ይቀየራል። ባለሞላዎቹ ሁለት ብሎኖችም በተራ ብሎን ተተክተዋል። የተለመደ ነው፣ ግን ክፉ ልማድ፦ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ይወዛወዛል፣ እንቅስቃሴውን የሚቀበለው ሞላው ነው። ግትር ብሎን ከገባ ጫናው ወደ ቱቦው ብየዳ ሄዶ ይሰነጥቀዋል።

መፍትሔው አዲስ ጋስኬት፣ ሁለት ባለሞላ ብሎን ከነሞላው እና ቱቦውን የሚይዙ አዲስ ማንጠልጠያ ጎማዎች። የዛገው ብሎን ዝገት ማላቀቂያ ተረጭቶበት ይደር፤ አለዚያ ይቆረጣል። ሁሉም መጀመሪያ ላላ ብሎ ይንጠልጠል፤ ቱቦው ከቦዲው 2 ሳንቲሜትር ያህል መራቁ ሲታይ ከፊት ወደ ኋላ ይጥበቅ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ነው ቱቦውን ጎትቶ የሚያጋጨው።

ለመፈተሽ ውጭ ላይ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አስነስቶ የቱቦውን የኋላ ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ማፈንና መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ መርጨት። አረፋ ከወጣ ገና ያፈሳል። ብየዳ ካለ የባትሪው ኔጌቲቭ ቀድሞ ይነቀል።